ቤዝ ጊታር ጉልበት ያገኘበት ዓመት

አንዳንድ የድሮ ተማሪዎቼ የሃርድ ሮክ ባንድ አቋቁማችሁ "ቲቸር፣ ለቤዝ ምን አምፕሊፋየር እንግዛ?" ብላችሁኛል። የታሪክ መምህር ጠይቃችሁ ታሪክ ሳትሰሙ አታመልጡም 😄

በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የሮክ ኮንሰርት ሲሰፋ፣ ሞንታርቦው በዋናነት የሚያወጣው የዘፋኙን ድምፅ ነበር። ቤዙ በራሱ አምፕሊፋየር ካልተሰማ ቀረ በቃ! ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከቀጭኑ እኩል እንዲሰማ ብዙ ዋት ይበላል።

አምፔግን የመሠረተው ኤቨረት ሀል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ የሮክ ጩኸት ግን አይወድም ነበር። በ1967 ኩባንያውን ሸጠ። በ1969 ያው ኩባንያ ኤስቪቲን አወጣ፦ 300 ዋት፣ 14 ቲዩብ! ሮሊንግ ስቶንሶች በዚያው ዓመት አሜሪካን ይዘውት ዞሩ። ባለ 10 ኢንች 8 ስፒከር የያዘው ሣጥኑ እስከ ዛሬ የሃርድ ሮክ መድረክ መለያ ነው።

ልብ በሉ፦ ያን ግዙፍ ዕቃ የወለደው ችግር ነው። ዛሬ ጥሩ ሞንታርቦ ቤዙንም ይሸከማል። ስለዚህ ያጠራቀማችሁትን ብር ለግዝፈት አታውጡ፤ መድረክ ላይ ከድራሙ እኩል ከተሰማችሁ ይበቃል። የአምፕሊፋየሩና የስፒከሩ ኦም መግጠሙን ሳታዩ ግን እንዳትገዙ፣ ሊቃጠል ይችላል።

ለመጀመሪያው ኮንሰርት ትኬት ገዝቼ እመጣለሁ!