ቫር እና ደጋፊው፦ የተዘጋው ክርክርና አዲስ የተከፈተው

በቪዲዮ የታገዘ ዳኝነት ወይም በተለምዶ «ቫር» የምንለው አሠራር ወደ እግር ኳስ የገባው የጨዋታን ውጤት የሚለውጡ ግልጽ የዳኝነት ስህተቶችን ለማረም ነው። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ (ኢፋብ) በ2016 ሙከራውን ፈቀደ፤ በማርች 2018 ደግሞ አሠራሩን በሕጉ ውስጥ አካተተው። በዚያው ዓመት በሩሲያው የዓለም ዋንጫ፣ በ2019 ደግሞ በአፍሪካ ዋንጫና በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሥራ ላይ ዋለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓላማው ጭቅጭቅን መቀነስ ነበር። ይሁን እንጂ ደጋፊዎች ዛሬም ይጨቃጨቃሉ፤ በአንዳንድ አገሮች ቫር ከነአካቴው እንዲቀር ድምፅ እስከመስጠት ተደርሷል። የቅሬታው ታሪክ በቅርበት ሲታይ ግን ደጋፊው የጠላው ቴክኖሎጂን አይደለም። «ኳሷ መስመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም?» የሚለውን ጥያቄ ማሽን ሲመልስለት ተቀብሏል። የከፋው የሰው ፍርድ የሚጠይቅ ውሳኔ በስክሪን በኩል ሲመጣና ምክንያቱ ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ከቫር በፊት የነበሩ ቁስሎች

በ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዛዊው ጂኦፍ ኸርስት የመታት ኳስ አግዳሚውን ገጭታ ወደ መሬት ወረደች። አዘርባጃናዊው የመስመር ዳኛ ቶፊቅ ባህራሞቭ ግብ ናት አሉ፤ እንግሊዝም ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸነፈች። ኳሷ መስመሩን ማለፍ አለማለፏ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አከራክሯል።

በ1986 በሜክሲኮ ሲቲ ዲዬጎ ማራዶና በእጁ ያስቆጠራትን ግብ ቱኒዚያዊው የመሀል ዳኛ አሊ ቢን ናስር አጸደቁ። በኖቬምበር 2009 ደግሞ ቴሪ ኦንሪ ኳሷን በእጁ አቀዝቅዞ ለዊልያም ጋላስ አቀበለና ፈረንሳይ አየርላንድን አስቀርታ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች። ይህን ሁሉ የቴሌቪዥን ተመልካች በተደጋጋሚ ምስል ሲያይ፣ ሊወስን የሚገባው ዳኛ ብቻ ማየት አይችልም ነበር።

ለውጡን ያፋጠነው ጁን 27 ቀን 2010 በደቡብ አፍሪካ የተፈጠረው ክስተት ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ላምፓርድ ከጀርመን ጋር ባደረጉት ጨዋታ የመታት ኳስ መስመሩን በግልጽ አልፋ ተመለሰች፤ ግቧ ግን አልጸደቀችም። እስከዚያ ድረስ ቴክኖሎጂን ሲቃወሙ የቆዩት የፊፋው ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር ይቅርታ ጠየቁ። በጁላይ 2012 ኢፋብ የግብ መስመር ቴክኖሎጂን ፈቀደ።

ደጋፊው ሳያንገራግር የተቀበለው

የግብ መስመር ቴክኖሎጂ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ኳሷ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ካለፈች በአንድ ሰከንድ ውስጥ የዳኛው ሰዓት ምልክት ይሰጣል። በፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ጀምሮ፣ በዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ በሆንዱራስ ላይ ያስቆጠረችው ሁለተኛ ግብ በዚህ መንገድ የተረጋገጠች የመጀመሪያዋ ናት።

መሣሪያው በአደባባይ የከሸፈበት ጊዜም አለ። በጁን 2020 የአስቶን ቪላ ግብ ጠባቂ ኳሷን ይዞ ወደ ግቡ ውስጥ ሲገባ ካሜራዎቹ በተጫዋቾች ተጋርደው ስለነበር ምልክት አልሰጡም፤ ሸፊልድ ዩናይትድም ግቧን ተነፈገ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። በውድድሩ ማብቂያ ቪላ በአንድ ነጥብ ልዩነት ሲተርፍ በርንማውዝ ወረደ። ቁጣው ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ቴክኖሎጂው ይቅር የሚል ንቅናቄ አልተነሣም። ጥያቄው እውነትን የሚመለከት፣ መልሱም ፈጣን ስለሆነ ደጋፊው አምኖበታል።

የቫር አሠራር

ቫር ከዚህ ይለያል። በመሠረቱ ጣልቃ የሚገባው በአራት ጉዳዮች ነው፦ ግብ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ እና ካርድ ለተሳሳተ ተጫዋች ሲሰጥ። የቪዲዮ ዳኛው የመሀል ዳኛውን እንዲያርም የሚጠበቀው «ግልጽና የማያሻማ ስህተት» ሲኖር ብቻ ነው። ከጨዋታ ውጪ መሆንን የመሰሉ የቦታ ጥያቄዎች በቀጥታ ከቪዲዮ ክፍሉ ይመለሳሉ። ጥፋትንና በእጅ መንካትን የመሰሉትን ደግሞ ዳኛው ራሳቸው በሜዳው ዳር ባለው ስክሪን አይተው ይወስናሉ።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። «ግልጽ ስህተት» የሚለው ቃል ራሱ ፍርድ ይፈልጋል። አንድን ግጭት አሥር ሰዎች በዝግታ አሥር ጊዜ ቢያዩት እንኳ ግማሾቹ ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ ግማሾቹ አይደለም ሊሉ ይችላሉ። ካሜራው የሚያሳየው ምን እንደተፈጠረ ነው፤ ጥፋት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው አሁንም ሰው ነው።

ሕግና ስክሪን ሲገናኙ፦ የሁለት ግቦች ታሪክ

ማንችስተር ሲቲና ቶተንሃም በ2019 ባደረጓቸው ጨዋታዎች የደጋፊውን ስሜት በሚገባ የሚያሳዩ ሁለት ክስተቶች አስተናግደዋል።

የመጀመሪያው በኤፕሪል በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ላይ ነው። በባከነው ሰዓት ራሂም ስተርሊንግ ሲቲን ወደ ግማሽ ፍጻሜ የምታሳልፍ ግብ አስቆጠረ። ስታዲየሙ ተናወጠ፤ አሠልጣኝ ፔፕ ጓርዲዮላ በሜዳው ዳር በደስታ ሮጡ። ጥቂት ቆይቶ ቫር ሰርሂዮ አጉዌሮ ከጨዋታ ውጪ እንደነበር አሳየና ግቧ ተሻረች። ሲቲ 4 ለ 3 ቢያሸንፍም ከሜዳ ውጪ በተቆጠሩ ግቦች ሕግ ቶተንሃም አለፈ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ቢሆንም ብዙ ደጋፊዎች ከዚያ ምሽት በኋላ ግብ ሲቆጠር እንደ ቀድሞው ወዲያው መጨፈር እንደፈሩ ይናገራሉ፤ ደስታቸው «ይጣራ» እስኪባል የሚጠብቅ ሆኗል።

ሁለተኛው በኦገስት በሊጉ ጨዋታ ላይ የተፈጠረ ነው። ጋብሬል ጄሱስ በባከነው ሰዓት ያስቆጠራት የማሸነፊያ ግብ፣ ኳሷ ቀድማ የአይሜሪክ ላፖርትን እጅ በመንካቷ ተሻረች። ጨዋታው 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። ንክኪው ሆን ተብሎ የተደረገ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያው ክረምት የጸናው አዲስ ሕግ ግብ ከመቆጠሩ በፊት በአጥቂው ቡድን የተፈጠረ ድንገተኛ የእጅ ንክኪም ግቡን እንዲያሽር አዞ ነበር። ካሜራ ባይኖር ማንም የማያያት ንክኪ ነበረች።

ተቃውሞው እየበረታ ሲሄድ ኢፋብ በ2021 ሕጉን አሻሻለው። አሁን ሳያውቅ በእጁ የነካው ተጫዋች ራሱ ወዲያው ካላስቆጠረ በስተቀር ግቡ አይሻርም። ስለዚህ ያቺ የኦገስት ግብ በተሻሻለው ሕግ ብትዳኝ ኖሮ ትጸድቅ ነበር። ደጋፊው «ቫር በደለን» ሲል በዳዩ አንዳንዴ ስክሪኑ ሳይሆን ስክሪኑ ያስፈጸመው ሕግ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ማሽኑ ሳይሳሳት ሰው ሲሳሳት

በሴፕቴምበር 2023 የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ በቶተንሃም ላይ ያስቆጠራት ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሻረች። የቪዲዮ ዳኛው ምስሉን አይተው ተጫዋቹ ትክክል እንደነበር አረጋገጡ። ነገር ግን በሜዳ የተሰጠው ውሳኔ «ግብ ነው» የሚል ስለመሰላቸው ማጣራቱ መጠናቀቁን ብቻ ተናገሩ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ከቀጠለ በኋላ ደግሞ ሕጉ ወደ ኋላ መመለስን አይፈቅድም። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። የእንግሊዝ ዳኞች አካል ስህተቱን አምኖ የዳኞቹን የድምፅ ልውውጥ ይፋ አደረገ። ደጋፊውን ያስቆጣው ቴክኖሎጂው እውነቱን አሳይቶ ሳለ በሁለት ሰዎች አለመግባባት መጥፋቱ ነው።

በአፍሪካ፦ የሌለው ቫር ያስነሣው ቀውስ

በአህጉራችን ትልቁ ውዝግብ የተነሣው ቫር በመሥራቱ ሳይሆን ባለመሥራቱ ነው። ሜይ 31 ቀን 2019፣ በረመዷን የመጨረሻዎቹ ቀናት ምሽት፣ የቱኒዚያው ኤስፔራንስና የሞሮኮው ዊዳድ ለካፍ ቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ በራደስ ስታዲየም ተገናኙ። የመጀመሪያው ጨዋታ በራባት 1 ለ 1 አልቋል። በመልሱ ኤስፔራንስ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ የዊዳዱ ዋሊድ ኤል ካርቲ አቻ የምታደርግ ግብ አስቆጠረ፤ የመስመር ዳኛው ግን ባንዲራ አነሡ። ዊዳዶች በቫር እንዲታይ ጠየቁ፤ መሣሪያው አይሠራም ተባሉ። ተጫዋቾቹ ጨዋታውን አንቀጥልም አሉ። ከረጅም መቋረጥ በኋላ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ።

ጉዳዩ ወደ ካፍና ወደ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ተወስዶ፣ ጨዋታው ይደገም የሚለው የካፍ ውሳኔ ተሽሮ በመጨረሻ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ጸና። ለዊዳድ ደጋፊዎች ግን ጥያቄው አልተዘጋም፤ በሌሎች መድረኮች ያለ ፍትሕ ለእነርሱ ሲሆን መታጣቱ ነው ያንገበገባቸው።

ካፍ በካሜሩን በጃንዋሪ 2022 በተጀመረው የአፍሪካ ዋንጫ ቫርን በሁሉም ጨዋታዎች ተጠቀመ። ዋልያዎቹም ቀመሱት፦ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ባደረጉት የመክፈቻ ጨዋታቸው ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ ከቪዲዮ ምርመራ በኋላ በቀይ ካርድ ወጣ። ኢትዮጵያ ቀሪውን ጨዋታ በ10 ሰው ተጫውታ 1 ለ 0 ተሸነፈች።

የኳታሩ ዓለም ዋንጫና አዲሱ መሣሪያ

በ2021 በአረብ ዋንጫ ተሞክሮ በ2022 የዓለም ዋንጫ የገባው ከፊል አውቶማቲክ የኦፍሳይድ ቴክኖሎጂ ነው። በስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ያሉ 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥቦች ይከታተላሉ፤ በኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። ኳታርና ኢኳዶር ባደረጉት የመክፈቻ ጨዋታ የመጀመሪያዋ ግብ የተሻረችው በዚሁ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍም አርጀንቲናዎች በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ግቦች ከጨዋታ ውጪ ተብለውባቸው ነበር።

ቱኒዚያ ፈረንሳይን 1 ለ 0 ባሸነፈችበት ጨዋታ ግን አንቷን ግሪዝማን በመጨረሻ ያስቆጠራት የአቻነት ግብ ጨዋታው ዳግም ከተጀመረ በኋላ ታይታ ተሻረች። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ሕጉ ይህን አይፈቅድም ብሎ ተቃወመ፤ ፊፋ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ያው ውሳኔ ለአንዱ ደጋፊ ፍትሕ፣ ለሌላው የሕግ ጥሰት ሆኖ ቀረ።

«ይቅርብን» ያሉት

የስዊድን ክለቦች አብዛኛው ድምፅ በአባላት እጅ የሚገኝባቸው ናቸው። ደጋፊዎቹ በክለቦቻቸው በኩል በመቃወማቸው የአገሪቱ ፌዴሬሽን በ2024 ቫርን ላለማስገባት ወሰነ። በኖርዌይ በ2023 ገብቶ ነበር፤ በጁላይ 2024 የሮዘንቦርግና የሊለስትሮም ጨዋታ ደጋፊዎች ከዓሣ የተሠራ ምግብና የቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ በመወርወራቸው ተቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት አብዛኞቹ የሊግ ክለቦች ይቅር ቢሉም የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲቆይ አደረገው። በእንግሊዝ ዎልቭስ በ2024 ቫር ይቅር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ 19 ክለቦች ተቃውመውት ብቻውን ቀረ።

ከአሜሪካ ፉትቦል የተገኘ ትምህርት

በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል በዚህ መንገድ ቀድሞ ሄዷል። ሊጉ ኤንኤፍኤል የተደጋጋሚ ምስል ዳኝነትን በ1986 ጀመረ፤ በ1992 አስቀረው፤ በ1999 መለሰው። በጃንዋሪ 2019 ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ወደ ሱፐር ቦውል ለማለፍ ከሎስ አንጀለስ ራምስ ሲጫወት፣ የራምስ ተከላካይ ኳስ ሳይደርስ ተቀባዩን ሲገጭ ዳኞቹ ዝም አሉ። ሕጉ ያን ዓይነት ጥፋት በምስል ማየትን አይፈቅድም ነበር። ራምስ አሸነፈ፤ የኒው ኦርሊንስ ደጋፊዎች እስከ ፍርድ ቤት ሄዱ።

ሊጉ በቁጣው ተገፍቶ ሕጉን ለአንድ የውድድር ዘመን ለወጠ። ነገር ግን ንክኪው ጥፋት ነው አይደለም የሚለው የፍርድ ጉዳይ ስለሆነ በምስል መታየቱ ክርክሩን አላበረደውም። በ2020 ለውጡ ቀረ።

ምን ተለወጠ?

የአሜሪካ ዳኞች ግን እግር ኳስ ያልነበረው አንድ ልማድ አላቸው፦ ውሳኔያቸውን በማይክሮፎን ለተመልካች ይናገራሉ። ፊፋ ይህን በፌብሩዋሪ 2023 በሞሮኮ በተካሄደው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ሞከረ፤ በዚያው ዓመት በሴቶች ዓለም ዋንጫም ተጠቀመበት። በፕሪሚየር ሊግ ከፊል አውቶማቲኩ የኦፍሳይድ ቴክኖሎጂ በኤፕሪል 2025 ሲገባ፣ ዳኞች በምስል አይተው የወሰኑትን ለስታዲየሙ መናገር የጀመሩት ከ2025–26 የውድድር ዘመን ነው።

እነዚህ ለውጦች ጥበቃን ያሳጥራሉ፤ በስታዲየም የተቀመጠው ሰውም ቤቱ ሆኖ ከሚያየው እኩል እንዲያውቅ ያደርጋሉ። አንድ ግጭት ፍጹም ቅጣት ምት ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን በካሜራ ብዛት የሚያልቅ አይደለም። ከዚህ በፊት ዳኛው ስላላዩ ይቅር ይባሉ ነበር፤ አሁን አይተው የወሰኑትን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።