የወይን አገር ይፋግ

ታሪክ ስንማር የነገሥታቱን ስምና የጦርነቱን ዘመን እንቆጥራለን፤ ገበሬው በጓሮው ምን ተክሎ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ፣ ይኸውም ስለ ይፋግና ስለ ወይኗ ጥቂት እናወሳለን።

ይፋግ የምትገኘው በቀድሞው በጌምድር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ ሊቦ ከምከም በሚባለው ወረዳ ነው። ከዓዲ ሓቂ ብትርቅም ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በትግራይ የሚያልፈው አሞሌ ጨው በጌምድር ሲደርስ ከሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የይፋግ ገበያ ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በፊት በዚያ ያለፉ የአውሮፓ ተጓዦችም ከገበያው ጋር የይፋግንና የጎረቤቷን የቃሮዳን የወይን ተክል አንሥተው ጽፈዋል።

ወይን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአክሱም መንግሥት ዘመን ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የመጣ ወይን ጠጅ በአዱሊስ ወደብ ይገባ ነበር፤ አክሱምን የቆፈሩ ሊቃውንትም የወይን ዘር አግኝተዋል። ይሁን እንጂ የገበሬው መጠጥ ጠላ፣ የመኳንንቱም ጠጅ ስለ ሆነ፣ ወይን ይልቁንም የሚፈለገው ለቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የቅዳሴው ወይን በውሃ ከተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደሚጨመቅ ጽፏል፤ በዘቢብ መቀደስ ዛሬም አልቀረም።

የወይን ገበሬ ጠባይ ከጤፍ ገበሬ ጠባይ ይለያል። ጤፍ የዘራ በዚያው ዓመት ያጭዳል። ወይን የተከለ ግን ደኅና ፍሬ ለማየት ሦስት ዓመት ያህል መታገሥ፣ ሐረጉን በድጋፍ ላይ ማውጣት፣ በየዓመቱ መከርከም፣ ፍሬው ሲበስልም ከወፍ መጠበቅ አለበት። ሠራዊት ሲመጣ እህል በጉድጓድ ይደበቃል፤ ከብትም ወደ ተራራ ይነዳል፤ ወይን ግን ተነቅሎ አይሸሽም። እንግዲህ ወይን የሚተክል ሰው ርስቱ ለልጁ እንደሚቆይለት ያመነ ሰው ነው። ናቡቴም የአባቶቹን የወይን ቦታ ለንጉሥ አክዓብ አልሰጥም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በጌምድር ግን ይህን እምነት የሚያጸና ዘመን አላገኘም። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጎንደርን አቃጠለ፤ የአገሩንም ገበሬ ዘረፈ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን እንደ ገና አቃጠሉ፤ ወዲያውም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። ዛሬ የወይን እርሻ ሲነሣ ሰው የሚያስበው ዝዋይን ነው፤ በይፋግ ዙሪያ ግን ስሙ የሚጠራው ሩዝ ነው።

ይህን ስናነብ የራሳችን አገር ትዝ ይለናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ፣ ብዙ ገበሬም የእርሻ ወራት ሲያልፍበት አይተናል። ያለፈ እርሻ በሚመጣው ክረምት ይታረስ ይሆናል፤ የተቆረጠ ተክልና የተቋረጠ ትምህርት ግን ዓመታት ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የአንድን መንደር ሰላም ለማወቅ ስንፈልግ ወደ ጓሮው እንመልከት። ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚበላ ተክል በዚያ ካገኘን፣ ባለቤቱ ነገን እንደሚያምን እናውቃለን። ይህን እምነት መጠበቅ የሁላችን ሥራ ነው።