የብላክ ሳባዝ ወንበሮች

ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1968 በእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ አስተን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ያደጉ ወጣቶች አንድ ባንድ መሠረቱ። ሲጀምሩ ስድስት ነበሩ፤ ሳክስፎን ተጫዋቹና ሁለተኛው ጊታሪስት ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። የቀሩት ድምፃዊው ኦዚ ኦዝበርን፣ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለርና ድራመሩ ቢል ዋርድ ነበሩ። በ1969 ስማቸውን ብላክ ሳባዝ አሉት።

አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆርጦበታል። ግራኝ በመሆኑ ክሩን የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነው። የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ፣ ቆዳ ለብጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆይቶም ክሩን አላልቶ መቃኘት ጀመረ። ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ከባድ ድምፁን በከፊል ያገኘው ከዚህ ጉዳት ነው። ባንዱ ባወጣቸው 19 የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ የተጫወተውም እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ስንጥቅ በ1979 መጣ። መጠጥና ዕፅ ሥራውን አቁሞት ነበርና ኦዚ ተባረረ፤ መርዶውን የነገረው የቅርብ ጓደኛው ዋርድ ነው። በኦዚ ቦታ የገባው አሜሪካዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ባንዱን እንደገና አቆመው። ዋርድ ግን በ1980 ጉዞ መካከል ጥሎ ሄደ፤ ቪኒ አፒስ ተተካ። በ1982 በኮንሰርት አልበም ቅንብር ላይ በተነሣ ጠብ ዲዮና አፒስም ወጡ። ቀጥሎ የዲፕ ፐርፕሉ ኢያን ጊላን ለአንድ አልበም ዘፈነ።

የመጀመሪያዎቹ አራት የተገናኙት በእኛ ሰው ምክንያት ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1985፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ዕርዳታ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ፊላደልፊያ ላይ ሦስት ዘፈን አብረው ተጫወቱ። ከዚያ ተበተኑ።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ዘለው ኦዚና ባንዱ ወደታረቁበት 1997 ይሄዳሉ። እኔ ግን በመሐል ያለውን ዘመን መዝለል በደል ይመስለኛል። በ1986 አዮሚ ለብቻው ሊያወጣ ያሰበው አልበም በአሳታሚው ግፊት በብላክ ሳባዝ ስም ወጣ፤ ዘፋኙ ግሌን ሂዩዝ ነበር። ለቀጣዩ አልበም ሬይ ጊለን ዘፍኖ ከጨረሰ በኋላ ባንዱን ለቀቀ፤ የበርሚንግሃሙ ልጅ ቶኒ ማርቲን ዘፈኖቹን እንደገና ተጫውቷቸው አልበሙ በ1987 ታተመ። በአንዱ ዘፈን ውስጥ ግን የጊለን ሳቅ ሳይጠፋ ቀርቷል። የጊለን ቅጂ በይፋ የወጣው በ2010 ነው። ማርቲን እስከ 1995 አምስት አልበም ዘፍኗል፤ ከኦዚ በቀር ይህን ያህል የዘፈነ የለም። ስሙ ግን እምብዛም አይነሣም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጄፍ ኒኮልስም ከ1979 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ሲያገለግል፣ አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ተመልካች ከማያየው የመድረክ ጥግ ነበር።

ዲዮ በ1992 ለአንድ አልበም ተመልሶ ነበር። የኦዚን የስንብት ኮንሰርት መክፈት አልፈልግም ብሎ ሲወጣ፣ የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ ለባንዱ ሁለት ምሽት ዘፈነ።

በ2011 አራቱ ዳግም መገናኘታቸውን አስታወቁ፤ ዋርድ ግን በውሉ ሳይስማማ ቀረ። የ2013ቱ አልበምም ሆነ በ2017 በርሚንግሃም የተደረገው የጉዞው መዝጊያ ያለ እሱ አለፉ። ዋርድ ከሦስቱ ጋር እንደገና ድራም የመታው ጁላይ 5 ቀን 2025፣ አስተን በሚገኘው ቪላ ፓርክ ስታዲየም ነው። ኦዚ መቆም ስለተሳነው በዙፋን ተቀምጦ ዘፈነ። በ17ኛው ቀን አረፈ።