«ሾት ኢን ዘ ዳርክ»፦ የኤሲ/ዲሲ ዳግም መመለስ

ኤሲ/ዲሲ የተባለው አንጋፋ የአውስትራሊያ ሃርድ ሮክ ባንድ «ሾት ኢን ዘ ዳርክ» የተሰኘውን ነጠላ ዜማ የለቀቀው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2020 ነው። ባንዱ አዲስ ሥራ ካወጣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ድምፃዊው፣ ድራመሩና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ በየተራ ተለይተውታል፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ተቀብሯል። ስለዚህ ብዙ አድማጭ የባንዱ ነገር ያበቃ መስሎት ነበር።

ባንዱን በ1973 ሲድኒ ላይ ያቋቋሙት ማልኮም ያንግ እና አንገስ ያንግ ናቸው። ወንድማማቾቹ የተወለዱት በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ሲሆን ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ የሄደው በ1963 ነው። መድረክ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ ሲቦርቅ የሚታየው ሊድ ጊታሪስቱ አንገስ ነው። ሙዚቃውን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ግን ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያዎቹ አጠገብ ሆኖ ሪትም ጊታር የሚጫወተው ማልኮም ነበር። የባንዱ ዘፈኖች የሚነሱት ሙዚቀኞች ሪፍ ከሚሉት፣ በጊታር ከሚደጋገም አጭር ሐረግ ነው። የኤሲ/ዲሲ ሪፍ ኖታ አያበዛም፤ ጉልበቱ ያለው በአንዱ ምትና በሌላው መካከል በሚተወው ዝምታ ላይ ነው። ያንን ዝምታ ሳያሳጥሩና ሳያስረዝሙ ዘፈኑን እስከ ፍጻሜው ማድረስ ከባድ ሙያ ነው፤ በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ከማልኮም የበለጠ የተካነበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ባንዱ ከእነዚያ የመከራ ዓመታት በፊትም አንድ ጊዜ ከመፍረስ ተርፏል። ድምፃዊው ቦን ስኮት በፌብሩዋሪ 1980 ለንደን ውስጥ ሞተ። ወንድማማቾቹ እንግሊዛዊውን ብራያን ጆንሰንን በእሱ ቦታ ተክተው ባሃማስ ላይ «ባክ ኢን ብላክ»ን ቀረጹ። በዚያው ዓመት ጁላይ የወጣው ይህ አልበም በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡ አልበሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ያኔ ዘፋኙ ቢጠፋም ዘፈኑን የሚፈጥሩት ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ነበሩ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው በዚሁ ጥምረት ላይ ነው። ማልኮም በመርሳት በሽታ ምክንያት በ2014 ባንዱን ለቀቀ፤ ጊታሩን የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያንግ ተረከበ። ድራመሩ ፊል ራድ በዚያው ዓመት ኒውዚላንድ ውስጥ በቀረበበት ክስ ሳቢያ ከኮንሰርት ጉዞው ቀረ። በ2016 ጆንሰን መድረክ ላይ ከቀጠለ ጨርሶ ሊደነቁር እንደሚችል ሐኪሞች አስጠነቀቁት፤ የቀረውን የኮንሰርት ጉዞ የጨረሰው የገንስ ኤንድ ሮዝስ ድምፃዊ አክሰል ሮዝ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ከ1977 ጀምሮ ቤዝ ይጫወት የነበረው ክሊፍ ዊሊያምስም ተሰናበተ። ማልኮም በኖቬምበር 18 ቀን 2017፣ በ64 ዓመቱ አረፈ። የባንዱን የመጀመሪያ አልበሞች ፕሮዲውስ ያደረገው ታላቅ ወንድማቸው ጆርጅ ያንግ የሞተው ከእሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው።

አንገስ መንገዱን ያገኘው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ከማልኮም ጋር ለዓመታት ሲሠሯቸው ኖረው በአልበም ያልወጡ ብዙ የዜማ ሐሳቦች ነበሩ፤ እነሱን መርጦ ዘፈን አደረጋቸው። በ2018 ጆንሰን፣ ራድ፣ ዊሊያምስና ስቲቪ በካናዳ፣ ቫንኩቨር ከተማ ተሰባሰቡና ከፕሮዲውሰር ብሬንደን ኦብራየን ጋር ቀረጻ ገቡ። «ፓወር አፕ» የተባለው አልበም 12 ዘፈኖች አሉት፤ የሁሉም ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት አንገስና ማልኮም ናቸው። ማልኮም በቀረጻው ባይኖርም ይህ ምዝገባ ለመታሰቢያ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ሥራው በእርግጥ የእሱም ነውና።

አልበሙን ያስተዋወቀው «ሾት ኢን ዘ ዳርክ» ሦስት ደቂቃን ጥቂት ያልፋል። ጊታር ይጀምራል፣ ድራሙ ይከተላል፣ አዝማቹን ባንዱ በኅብረት ያነሳዋል። አዲስ ስልት የፈለገ አድማጭ አያገኝም፤ እንዲያገኝ መደረግም አልነበረበትም። የሟች ወንድምን ሐሳብ ለዘመኑ ፋሽን ሲሉ መለወጥ ሥራውን ባዳ ያደርገው ነበር። የስቲቪ ጨዋታ የአጎቱን ልክ ጠብቋል፤ የራድ ምትም አንድም ትርፍ ነገር አይጨምርም። ዘፈኑ በአሜሪካ በቢልቦርድ የሜይንስትሪም ሮክ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፣ ለግራሚ ሽልማትም ታጨ። በኖቬምበር 13 የወጣው አልበም በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በአውስትራሊያ ቀዳሚውን ደረጃ ያዘ።

ኮሮና መድረኮችን ዘግቶ ስለነበር ሥራው በሕዝብ ፊት ለመቅረብ ዓመታት ጠበቀ። ኤሲ/ዲሲ ወደ መድረክ የተመለሰው ነጠላ ዜማው በወጣ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2023፣ በካሊፎርኒያዋ ኢንዲዮ በተካሄደው የፓወር ትሪፕ ፌስቲቫል ላይ ነው። ጆንሰን በጆሮው ውስጥ በሚገባ ልዩ መሣሪያ እየታገዘ ዘፈነ፤ ድራሙን ማት ላውግ ተጫወተ። በ2024 ባንዱ ከጀርመን ጌልሰንኪርሸን ተነስቶ አውሮፓን ሲዞር «ሾት ኢን ዘ ዳርክ» ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ዘፈኖች ጋር በመደበኛነት ይቀርብ ነበር።