ጣት የሚያውቀው ገንዘብ

የማርያ ቴሬዛን ብር ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ከአያታችሁ ሣጥን ውስጥ አውጥታችሁ የንግሥቲቱን ፊትና የንስሩን ክንፍ ተመልክታችሁ መልሳችሁት ይሆናል። ሌላ ጊዜ ስታገኙት ዓይናችሁን ጨፍኑና ጠርዙን በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት። ዙሪያውን ወጣ ወጣ ያሉ ፊደላትና ጌጦች አሉበት። ጽሑፉ የላቲን ቋንቋ ነው፣ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው። እዚያ የተቀረጸው ሌባ የብሩን ጠርዝ ከርክሞ ፍቅፋቂውን እንዳይሸጥ ነው፤ ጠርዙ ከተነካ ፊደሉ ይጎድላልና ወዲያው ይታወቃል። ላቲን የማያነብ የጎንደር ነጋዴም በጣቱ ያገኘው ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን የገንዘብ ታሪክ በዓይን ሳይሆን በእጅ ለመከተል እሞክራለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።

ሳንቲም ሰብሳቢዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከአክሱም ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ አሳትመዋል። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ገባ፤ በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። (ከእርሻ ላይ እንዲህ ያለ ሳንቲም ያገኘ ወጣት ለሻጭ እንዳይሰጠው አደራ እላለሁ። የአገር ቅርስ ነው።) በ7ኛው መቶ ዘመን ግን የአክሱም ገንዘብ ቆመ። ከዚያ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ አገራችን የራሷን ሳንቲም አላተመችም።

ታዲያ ሰው በምን ይገበያይ ነበር? በብዙ ነገር፤ ከሁሉም በላይ ግን በጨው። ከአፋር ሜዳ ተጠርቦ የሚወጣው አሞሌ በሲራራ ነጋዴዎች እየተጫነ በየገበያው ይደርስ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። እኛ ዛሪማ የምንኖር ሰዎች ያለነው ከተከዜ ማዶ መጥቶ ሊማሊሞን ወደሚወጣው የጎንደር መንገድ ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ከምፅዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በሊማሊሞ በኩል ነበር። የሰሜኑ ጨውና ብርም በዚህ አቀበት ላይ ብዙ ዘመን ተመላልሷል። አሞሌ ሙሉ ከሆነ ሙሉ ዋጋ ያወጣል፣ ከተሰበረ ይቀንሳል። ሙሉውን ከጎደሎው ለመለየት መዳፍ ይበቃል።

ማርያ ቴሬዛም እንዲሁ ነበር። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ላዩ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ሲታተም የኖረው ዓመቱ ሳይለወጥ ነው። የእኛ ሰዎች ሲቀበሉ በጣም ይጠነቀቁ ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች ይቆጥራሉ፤ ነጥቦቹ አልቀው ልሙጥ የሆነ ብር ሲመጣ አንቀበልም ይላሉ። የውጭ አገር ተጓዦች በዚህ ይገረሙ ነበር፣ አንዳንዶቹም ይስቁ ነበር። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አይታየኝም። ከእንቁዎቹ መጉደል የብሩን መጉደል የሚያውቅ ሰው ሞኝ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን የገንዘቡ ዋጋ ያለው በራሱ በብሩ ውስጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙትና 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዘው ብርም በዚሁ ሥርዓት የሄደ ነው። አላዱ የብሩን ግማሽ፣ ሩቡ የአላዱን ግማሽ፣ ተሙኑ የሩቡን ግማሽ ያህል ይመዝናል። ትልቁ በዋጋም ትልቅ ነው። ዓይነ ስውር ሰው ከማንም ጋር ሳይማከር ገንዘቡን ይለያል።

የድሮው ዘመን ለዓይነ ስውራን የተመቸ ነበር ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ በየደጀ ሰላሙ ለምነው የሚያድሩ ነበሩ፤ በእጃቸው የሚገባው ብር ሳይሆን ቁራሽ ነበር። ገንዘቡ ግን አልከለከላቸውም።

የወረቀት ገንዘብ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1915 ኖት አወጣ፤ ከከተማ ወጣ ሲል የሚቀበለው አልነበረም። የወረቀት ገንዘብ በአገሩ ሁሉ ሥር የሰደደው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በመቶ ሳንቲም የሚከፈለው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የገንዘቡ ዋጋ በክብደቱ መሆኑ ቀርቶ በላዩ በታተመው ቁጥር ሆነ። ቁጥሩን ደግሞ የሚያነበው ዓይን ነው።

ከዚያ ዘመን ሳንቲሞች መካከል አንዷን እወዳታለሁ፤ ስሙኒን። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ከያዙት ውስጥ ስሙኒው የመዳብ፣ ሽልንጉ የብር ነበር። ስፋታቸው ተቀራራቢ ነው፤ በሁለቱም ላይ የንጉሡ ምስልና አንበሳ አለ፤ የሚለያቸው ቀለማቸው ነው። በኋላ ስሙኒው ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሸንሽኖ ወጣ። ይህ የተደረገው ለዓይነ ስውራን ታስቦ አልነበረም፤ ሆኖም በኪስ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው ሁሉ ሳያወጣት ያውቃት ነበር። በጉባኤያችን ያሉ አንድ ዓይነ ስውር አባት ዛሬም ስለ እሷ ሲነሣ ፊታቸው ይፈካል። «እሷን ማንም አታሎኝ አያውቅም» ይላሉ።

በ1969 ዓ.ም. በወጡት ሳንቲሞች ስሙኒ ክብ ሆነች። ከዚህ የባሰው ደግሞ የአሥር ሳንቲሙ ከስሙኒው ይሰፋል። ዓይን ላለው ችግር የለውም፣ አንዱ ቢጫ ሌላው ነጭ ነው። በጣት ለሚለይ ግን ትንሹ ትልቅ፣ ትልቁ ትንሽ ሆነበት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ያልታሰበበት ነገር ግን ያሰናክላል።

በእነዚያው ዓመታት ዓይነ ስውራን ማንበብ እየተማሩ ነበር። የሜኖናይት ሚስዮን ሠራተኞች በአዲስ አበባ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አገልግለዋል፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም በባኮ ትምህርት ቤት ነበራት። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ተመሠረተ። በስድስት ነጥብ ብሬል መጽሐፍ ቅዱስን በጣቱ የሚያነብ ወጣት ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሻይ ሲጠጣ የተመለሰለት ብር ስንት እንደሆነ ሰው መጠየቅ ነበረበት።

ያነሣኋቸው አባት ገመድ እየገመዱ ይሸጣሉ። ኖታቸውን የሚያውቁት በአስተጣጠፉ ነው፤ አሥሩን ሳያጥፉ፣ ሃምሳውን አንድ ጊዜ፣ መቶውን ሁለት ጊዜ አጥፈው ይይዛሉ። ይህ የሚሠራው ግን መጀመሪያ አንድ ሰው እውነቱን ከነገራቸው ብቻ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ባለ 10፣ ባለ 50፣ ባለ 100 ኖቶችና ከዚያ በፊት ያልነበረው ባለ 200 ሲወጡ፣ አሮጌዎቹን ለመቀየር የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። እኛ አዲሱን ቀለም በአንድ ሳምንት ለመድነው። እሳቸው ግን የትኛው አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ኖት ሰው መጠየቅ ነበረባቸው።

ኦሪት ዘሌዋውያን 19ን ክፈቱ። በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን የሚከለክለው ቁጥር 14 ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ቁጥር 35 እና 36 ላይ ደግሞ ስለ እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ ይናገራል። የመጀመሪያውን ስንሰብክ ስለ ርኅራኄ፣ ሁለተኛውን ስንሰብክ ስለ ነጋዴዎች እንናገራለን። ገንዘብ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱ አንድ ትእዛዝ ናቸው። ሰውየው ሊመዝነው የማይችለው መስፈሪያ ለእሱ ዕንቅፋት ነው። በየገበያው ታማኝ ሰው መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎልማሳ ሰው ላብ ያፈሰሰበትን ገንዘብ ለማወቅ በየቀኑ የሌላውን ታማኝነት መለመን የለበትም።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኖቶች ሁሉም በመጠን እኩል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህ ዓይነ ስውራንን በገንዘቡ ከመጠቀም እንደሚከለክል ወሰነ። በአውሮፓ የዩሮ ኖቶች እንደ ዋጋቸው መጠናቸው ያድጋል፣ የ20 ሳንቲሙም ጠርዝ ሰባት ቦታ ላይ ሰርጎድ ይላል፤ የስሙኒያችን ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በአውስትራሊያ ደግሞ አንድ ዓይነ ስውር ታዳጊ ለገና ገንዘብ ተሰጠው፤ ስንት እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ፈረመለት፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የወጣው ባለ 5 ዶላር ኖት በእጅ የሚዳሰስ ምልክት ይዞ መጣ። የእናንተ እኩያ ነበር።

በእጅ የሚለይ ገንዘብ ሁሉን ይፈታል ብዬ አላታልላችሁም። ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ የልጁን እጅ ዳብሶ ነበር፤ የተታለለውም በዳሰሰው የፍየል ጠጉር ነው። ድምፁን ተጠራጥሮ ጣቱን አመነ። ልጁ ሊያታልለው ተነሥቶ ስለነበር ጣቱ አላዳነውም።

አሁን ቴሌብር አለ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ። ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ካነበበለት ዓይነ ስውር ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሰማል። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የምስጢር ቁጥሩን የሚነካለት ሌላ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ኪሱን ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም አብሮ ሰጠ ማለት ነው። ገመድ ገማጁ አባታችን ስልክ አላቸው፣ ለመደወል ብቻ ይጠቀሙበታል። አሥራታቸውን ሲያወጡ የሚፈልጉት በ2002 ዓ.ም. የወጣውን ባለ አንድ ብር ሳንቲም ነው፤ መካከሉና ዙሪያው ሁለት ዓይነት ብረት ስለሆነ መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ያገኙታል። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ የቻሉትን ያህል በሳንቲም ያስመነዝራሉ፤ ማታ ቤታቸው ተቀምጠው ዘጠኙን ወደ ቀኝ፣ አሥረኛውን ወደ ግራ እያደረጉ ማንንም ሳይጠይቁ ይቆጥራሉ።