የኸሊፋው ልጅ አገሯ የት ነበር?

የመጨረሻው የዑስማንያ ኸሊፋ ዐብዱልመጂድ ሁለተኛ ከኢስታንቡል መባረራቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የልጃቸው የዱሩሸህዋር ታሪክ ግን እምብዛም አይነሳም። ዛሬ እሱን እናያለን። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 3/1924 የቱርክ ምክር ቤት ኺላፋን ሲሽር ያወጣው ሕግ የዑስማን ቤተሰብን ወንድ ሴት ሳይለይ፣ አማቾችን ጭምር ከአገር አስወጣ፤ ዜግነታቸውንም ገፈፈ። አንዲት አንቀጽ ደግሞ ልብ ትነካለች፦ ከቤተሰቡ ሴቶች የሚወለዱ ልጆችም በእገዳው ተካተዋል። ገና ያልተወለደ ልጅ ተባረረ ማለት ነው። ኸሊፋው በዚያው ሌሊት ሲወጡ ዱሩሸህዋር የ10 ዓመት ልጅ ነበረች።

ቤተሰቡ በኋላ ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ተጠለለ። በዘመኑ ከዓለም ቱጃሮች አንዱ የነበሩት የህንዷ ሐይደራባድ ገዥ፣ ኒዛም ሚር ዑስማን ዐሊ ኻን፣ ለኸሊፋው የወር መተዳደሪያ ይልኩላቸው ነበር። ቀጥሎ መውላና ሸውከት ዐሊ በመሃል ገቡና ኖቬምበር 12/1931 ኒስ ላይ ኒካሕ ታሰረ። የ17 ዓመቷ ዱሩሸህዋር ለኒዛሙ ትልቅ ልጅ ለአዕዘም ጃህ፣ የ15 ዓመቷ ዘመዷ ኒሉፈር ለታናሹ ለሙዐዘም ጃህ ተዳሩ።

ሰው ይህን ጋብቻ የሁለት ታላላቅ ቤቶች መገናኘት አድርጎ ይተርከዋል። ለእኛ ግን አገር አልባ የሆኑ ሁለት ልጃገረዶች አገር ያገኙበትም መንገድ ነው። ያም አገር ቢሆን ሙሉ አልነበረም። ሐይደራባድ በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ነበረች፤ ሰዎቿም በእንግሊዝ ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ «ጥበቃ የሚደረግላቸው» ተብለው የሚታወቁ ነበሩ።

ሙሽሮቹ ከአማት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አልኖሩም። ኒዛሙ ኪንግ ኮቲ በተባለው ግቢያቸው ሲኖሩ፣ አዕዘም ጃህና ዱሩሸህዋር በቤላ ቪስታ፣ ሙዐዘም ጃህና ኒሉፈር በሂል ፎርት ቤተ መንግሥት ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ በሚኖሩበት ዘመን ሁለቱ በአደባባይ ይታዩ ነበር። ዱሩሸህዋር የበኩር ልጇን ሙከረም ጃህን በ1933 የወለደችው ግን ወላጆቿ ባሉበት በኒስ ነው። የመጀመሪያ ልጅን እናት ቤት ሄዶ መውለድ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ኒሉፈር ልጅ አልወለደችም። ታገለግላት የነበረች ሴት በወሊድ ስትሞት ግን ለእናቶችና ለሕፃናት ሆስፒታል እንዲሠራ ተነሳች፤ ሆስፒታሉ ዛሬም በስሟ ይጠራል። ባሏ ሌላ ሚስት አገባ፤ በ1952 ተፋቱ። ቀሪ ዕድሜዋን ፓሪስ ኖራ እዚያው በ1989 ሞተች።

ኸሊፋው በ1944 ፓሪስ ላይ ሲያርፉ ዱሩሸህዋር አባቷ በኢስታንቡል አፈር እንዲቀበሩ ጠየቀች። የቱርክ መንግሥት እንቢ አለ። አስከሬናቸው አሥር ዓመት ያህል በፓሪስ መስጂድ ከቆየ በኋላ በ1954 መዲና፣ በቂዕ ተቀበረ። አላህ ይዘንላቸው። የኒዛም ልጅ ሚስት መሆን፣ ያ ሁሉ ሀብት፣ ለአባት አንዲት መቃብር ማስፈቀድ አልቻለም።

በሴፕቴምበር 1948 የህንድ ጦር ሐይደራባድ ገባ፤ ያገባችበትም ቤት ሥልጣን አበቃ። ቱርክ ለቤተሰቡ ሴቶች በሯን የከፈተችው በ1952፣ ለወንዶቹ በ1974 ነው። ዱሩሸህዋር ግን ኋላ ኑሮዋን ለንደን አደረገች፤ በ2006 እዚያው ሞታ እንግሊዝ አገር ተቀበረች።

ያ ሳይወለድ የታገደው ልጅስ? ኒዛሙ አባቱን አልፈው አልጋ ወራሻቸው አደረጉት። በ1967 ሲሞቱ ሙከረም ጃህ የወረሰው ሥልጣን የሌለውን ማዕረግና የተከማቸ ሀብት ነበር። አውስትራሊያ ሄዶ በግ አረባ፤ በመጨረሻም ወደ ቱርክ ገባ። በጃንዋሪ 2023 የሞተው የእናቱ የትውልድ ከተማ በሆነችው በኢስታንቡል ነው። አስከሬኑ ግን ወደ ሐይደራባድ ተወስዶ መካ መስጂድ በሚባለው የከተማዋ ትልቅ መስጂድ፣ ከአባቱ ወገኖች ጎን ተቀበረ።