የመሣሪያው ስምና የድርጊቱ ስም
ከፈረንሳይኛ የቃላት ስየማ ታሪክ

በሜይ 2022 መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2014 ዓ.ም.) የፈረንሳይ መንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ጨዋታዎች የሚናገር አንድ አጭር የቃላት ዝርዝር ይዞ ወጣ። ዝርዝሩ እስከዚያ ቀን ድረስ በእንግሊዝኛ ስማቸው ሲጠሩ ለኖሩ ነገሮች የፈረንሳይኛ ስም የሚሰጥ ነበር። «ኢ-ስፖርት» የሚባለው «የውድድር ቪዲዮ ጨዋታ» እንዲባል፣ «ክላውድ ጌሚንግ» የሚባለው «በደመና ያለ ቪዲዮ ጨዋታ» እንዲባል ተወሰነ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ያነጋገረው ግን «ስትሪመር» ለሚለው ቃል የተሰጠው ምትክ ነው። ስትሪመር ማለት እየተጫወተ ጨዋታውን ለተመልካች በቀጥታ የሚያሳይና በዚያው የሚያወጋ ሰው ሲሆን፣ ለእርሱ የተመረጠለት ስም «ዡወር-አኒማተር አን ዲሬክት» ሆነ፤ ቃል በቃል ሲፈታ «በቀጥታ ስርጭት ተጫዋችና አጫዋች» እንደ ማለት ነው።

ወሬውን የውጭ አገር ጋዜጦች ሳይቀሩ ተቀባበሉት። በወጣቱም በአዋቂውም ዘንድ የተሰማው አስተያየት በጥቅሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ ይህን የሚያህል ረጅም ስም ማን በአፉ ይዞት ይዞራል? ቋንቋ በአዋጅ አይመራም! የፈረንሳይ ባሕል ሚኒስቴር በበኩሉ የጨዋታው ዓለም በእንግሊዝኛ ቃላት በመሞላቱ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት ይቸገራል የሚል ምክንያት አቅርቧል። ይህ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ይሁንና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «ቋንቋ በአዋጅ አይመራም» የሚለውን ፍርድ እንዲሁ ሊቀበለው አይችልም፤ ምክንያቱም በዚያው አገር፣ በዚያው ቋንቋ፣ ታስቦበት የተሰየመ አንድ ቃል እንግሊዝኛውን ፈጽሞ ድል አድርጎ ዛሬም በሕይወት ይገኛል። ቃሉ «ኦርዲናተር» ነው።

ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። በ1955 የአይቢኤም ኩባንያ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ አዲስ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ መሣሪያ ለገበያ ሊያቀርብ ሲዘጋጅ፣ «ኮምፒዩተር» የሚለውን እንግሊዝኛ በምን እንተካው ብሎ ተጨነቀ። «ካልኩላተር» (አስሊ) የሚለው ቃል ነበረ፤ ነገር ግን መሣሪያው ከማስላት ያለፈ ሥራ ስለሚሠራ ጠባብ መስሎ ታየ። ስለዚህ በፓሪስ ሶርቦን የላቲን ሥነ ጽሑፍ መምህር ለነበሩት ለፕሮፌሰር ዣክ ፔሬ ጥያቄው ቀረበላቸው። ፔሬ ኤፕሪል 16 ቀን 1955 በጻፉት የመልስ ደብዳቤ «ኦርዲናተር» የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ቃሉ በሊትሬ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለዓለም ሥርዓትን የሚሰጥ አምላክ መገለጫ ቅጽል ሆኖ የተመዘገበ፣ ነገር ግን ከነገረ መለኮት አገልግሎት ወጥቶ የተረሳ ነበር።

በቃላት ስየማ ሥራ ላይ የተሰማራ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ቢያነበው ይጠቀማል። ፔሬ ቃሉን ያቀረቡት አምሮ ስለ ተሰማቸው ብቻ አልነበረም፤ ዘሩንም መርምረዋል። ከዚህ ቃል «ኦርዲኔ» የሚል ግስ፣ «ኦርዲናስዮን» የሚል የድርጊት ስምም በቀላሉ ይወጣል አሉ። እንቅፋቱንም አልሸሸጉም፦ «ኦርዲናስዮን» በቤተ ክርስቲያን ሲመተ ክህነትን ያመለክታል። ነገር ግን የሃይማኖትና የሒሳብ ሥራ መስኮች እጅግ የተራራቁ ስለ ሆኑ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ይባስ ብለውም የራሳቸው ምርጫ በእንስታይ ጾታ «ኦርዲናትሪስ» ቢባል መሆኑን ጻፉ። ኩባንያው ተባዕቱን መረጠ፤ ቃሉን በመጀመሪያ የራሱ የንግድ ስም አድርጎ ሊይዘው ቢሞክርም ብዙ ሳይቆይ የሕዝብ ሆነ።

ከፔሬ ትንበያ ግማሹ እንዳልተፈጸመ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ስሙ ሲጸና ግሱ አልተወለደም፤ ዛሬ «ኦርዲኔ» ብሎ በኮምፒዩተር መሥራትን የሚገልጽ ፈረንሳዊ የለም። ስሙ ያለ ልጅ ኖረ። እንዴት ኖረ ቢባል፣ የመሣሪያ ስም በመሆኑ ነው። በ1955 መሣሪያውን በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነበር፤ ዕቃው ወደ መሥሪያ ቤቱና ወደ ቤቱ ሲደርስ ስሙ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነው የደረሰው። ዕቃን የሚሠራና የሚሸጥ ሰው የሰጠውን ስም ገዢው ይቀበላል፤ ሌላ ስም የሚያወጣበት ምክንያትም የለውም።

ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይ መንግሥት ሥራውን በሕግ አደራጀው። የጃኑዋሪ 1972 ድንጋጌ በየሚኒስቴሩ የቃላት ኮሚሽኖች እንዲቋቋሙ ፈቀደ፤ የ1975 እና የ1994 የቋንቋ ሕጎች ተከተሉ። ሕገ መንግሥታዊው ምክር ቤት ግን በጁላይ 1994 በሰጠው ውሳኔ፣ የሐሳብ ነጻነትን መሠረት በማድረግ፣ ይፋዊ ቃላት የግል ሰዎችንና የብዙኃን መገናኛዎችን ሊያስገድዱ እንደማይችሉ ደነገገ። የሚገደዱት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

በእነዚህ ዓመታት የተሰየሙት ዕድላቸው የተለያየ ነው። ለሶፍትዌር የተሰጠው «ሎዢስየል» ፈጽሞ ተዋሐደ። ሶኒ በ1979 ያወጣውን «ዎክማን» የተባለ በኪስ የሚያዝ ቴፕ ለመተካት የወጣው «ባላደር» (ተንሸራሻሪው እንደ ማለት) ደህና አድርጎ አገለገለ። በጃኑዋሪ 2013 ለ«ሃሽታግ» የታወጀው «ሞ-ዲዬዝ» ግን ከመጀመሪያው ቀን የመሳለቂያ ቃል ሆነ፤ ዲዬዝ በሙዚቃ ጽሕፈት ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርገው ምልክት ስለ ሆነና በመልክም ከሃሽታጉ ስለሚለይ፣ ሙዚቃ ያጠኑት ቀድመው ስሕተቱን አወጡት።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። የመጀመሪያው ለቤት የተሠራ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ፣ ራልፍ ቤር የነደፈው ማግናቮክስ ኦዲሲ፣ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የፈረንሳይ ኮሚሽኖች በተፈቀዱበት በዚያው በ1972 ነው፤ አታሪ «ፖንግ»ን ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ፈረንሳይኛ ለነገሩ «ዡ ቪዴዮ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሁለቱም ቃላት ላቲናዊ፣ አሰካካቸውም ፈረንሳይኛዊ ስለ ሆነ ጠብ አልተነሣም። ጠቡ የተነሣው ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ጨዋታው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሥራና ትርኢት ሲሆን ነው።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። «ስትሪመር» የእንግሊዝኛ የአድራጊ ስም ሲሆን የሚጨርሰው በ«ኢ» እና «አር» ፊደላት ነው። በፈረንሳይኛ ደግሞ አብዛኛው ግስ በንኡስ አንቀጹ የሚጨርሰው በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው። ስለዚህ ቃሉ በጽሑፍ ሲታይ ገና ከመግባቱ ፈረንሳይኛ ግስ መሰለ፤ ተናጋሪውም እንደ ማንኛውም የመጀመሪያ እርባታ ግስ ያረባው ጀመር። ለሰውየው «ስትሪመር» በፈረንሳይኛ የአድራጊ መድረሻ፣ ለሴቲቱ «ስትሪመዝ» ወጣ። ኮሚሽኑ ዝርዝሩን ባወጣ ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ትርኢት ዋና መድረክ የሆነው ትዊች ከተከፈተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ በነዚያ ዓመታት ቃሉ ቤት ሠርቶ፣ ጾታ ለይቶ፣ ጊዜ ለይቶ ይኖር ነበር። የቀረበለት ምትክ ግን ፍቺ እንጂ ቃል አይደለም። «ዡወር-አኒማተር አን ዲሬክት» ትናንት ምን አደረገ? ግሱ የት አለ? በመዝገበ ቃላት ፍቺ ቦታ ቢጻፍ እጅግ የተሟላ ነው፤ በመነሻ ቃል ቦታ ሲቀመጥ ግን መራመድ አይችልም። ርዝመቱ ብቻ ነው የጎዳው የሚሉ ተሳስተዋል፤ ረጃጅም ስሞች የሚኖሩበት ብዙ ቋንቋ አለና።

ይህ የፈረንሳዮች ጉዳይ ብቻ ቢሆን በዚህ መጽሔት ቦታ ባልያዘ። በአማርኛም የመሣሪያ ስምና የድርጊት ስም የሄዱበት መንገድ አንድ አይደለም። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ሲሆን ከዕቃው ጋር ገባ፤ ድርጊቱን ግን የአገሩ «ደወለ» ያዘው፤ ከደወል የመጣ ግስ በሽቦው ላይ ገባበት። «ድረ ገጽ»ም በደህና ጊዜ የደረሰ ስም ነው፤ አጭር ነው፣ ድርና ገጽ የማያውቅ ሰው የለም፣ አሰካኩም እንደ «ርዕሰ ከተማ» ስለ ሆነ ለጆሮ እንግዳ አልሆነም። ዛሬ ግን ወጣቱ «ላይቭ ገባ»፣ «ሼር አደረገ» ይላል። «የቀጥታ ስርጭት» የተባለው የኛው ስያሜ በዜና ንባብ ላይ በክብር ቢኖርም፣ ከእርሱ ግስ ስላልወጣ ከስቱዲዮ ወደ ጎረምሳው አፍ ሳይሻገር ቀረ። «ገባ» እና «አደረገ» በረዳትነት የቆሙለት ባዕድ ቃል ግን እንደ ልቡ ይረባል። ተርጓሚ ስም ሲያወጣ «ምን ይባላል?» ከማለቱ በፊት «ሰውየው ምን አደረገ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የዚህ ጸሐፊ እምነት ነው፣ ብዙ ድካም ይቀርለት ነበር።

የጨዋታ ቃላት በአማርኛ ያላቸው ኑሮ በራሱ ሌላ ጥናት ይሻል። ገበጣ የኛው ነው፤ ከረምቡላ መጥቶ ለመደ፤ ጆተኒ በየሰፈሩ ተጠራ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የ«ሰንጠረዥ» ታሪክ ነው። ሰንጠረዥ (ሰንጠረጅም ይባል ነበር) በመኳንንቱ ቤት የሚዘወተር የጦርነት ጨዋታ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጽፈዋል። ልዩ ምልክቱ «ወረራ» የሚባለው መጀመሪያው ሲሆን፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ስሙ ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ»፣ ያም ከፋርስ፣ የፋርሱም ከሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው አራቱን የሠራዊት ክፍሎች ያመለክት ነበር። በእኛ አገር ጨዋታው ሲረሳ ስሙ አልጠፋም፤ በመስመር ወደ ተከፋፈለው ገበታ ተላልፎ፣ ዛሬ ቁጥርና ጽሑፍ በረድፍና በዓምድ የሚደረደርበት ሁሉ ሰንጠረዥ ይባላል። ጨዋታው ራሱ ዘመናዊ ሆኖ ሲመለስ ግን ቤቱ ተይዞ አገኘው፤ «ቼዝ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ስሙ ተመዘገበ። አሁን የቼዝ ውድድር ሲደረግ የተወዳዳሪዎቹ ነጥብ ተሰልቶ የሚለጠፈው በሰንጠረዥ ነው።